ከቆመ መኪና የወደቀ ሾፌር

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ጠዋት

መስተዋቱ ዛሬም ደህና ነገር ነገረኝ። ጀርባዬ ንጹሕ። ቀኝ ዳሌዬ ላይ የነበረችው ቀይ ነጥብ ጠፍታለች። ጫልቱ ትልቁን መስተዋት ከኋላ ትይዛለች፣ እኔ ትንሹን ከፊት፤ እንደ ኬላ ፈታሽ አንድም ቦታ ሳናስቀር እናያለን። ከእምብርቴ በታች ቢቆርጠኝ፣ ቢያቃጥለኝ፣ ቢቆስል አይሰማኝም። ስለዚህ በዓይን መጠበቅ ነው። እግ/ር ይመስገን፣ ዛሬ ምንም የለም።

ከዚያ እጇን በብብቴ ሥር አስገብታ አነሣችኝ፤ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ስታነሣኝ ትንፋሿን ትይዛለች። ካስቀመጠችኝ በኋላ ወገቧን ያዝ ታደርጋለች። እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ያለፈው ደብተር አልቋል፤ አንቺ አዲስ ነሽ። ባጭሩ ላስተዋውቅሽ። ግርማ እባላለሁ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ ከጅማ አ.አ. ቡና አመላልስ ነበር። የጊቤን ቁልቁለት በጭጋግም በዝናብም ወርጄዋለሁ፤ አንድ ቀን አልተገለበጥኩም። የወደቅሁት ከቆመ መኪና ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶ። ከጆንያው አናት ላይ ሆኜ ሸራ ሳስር ገመዱ ተበጠሰና በጀርባዬ ወረድኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ሲጠይቀኝ አፍር ነበር፤ አሁን እኔው ቀድሜ እስቃለሁ። አከርካሪዬ ተሰበረ። ሆስፒታል ከረምኩ። በዚህ ባለ ጎማ ወንበር ወጣሁ፤ ያረጀ ነው፣ ግን ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።

ጫልቱ ሚስቴ ናት። የሱሉልታ ልጅ። ቅቤና አይብ ትነግዳለች። ልጅ የለንም። ሰበታ ነው የምንኖረው፣ ከአስፋልቱ ብዙም ሳንርቅ። የሚያልፉትን መኪኖች አልጋዬ ላይ ሆኜ በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ።

ዛሬ ፀሐይ አለ። በሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ለአንድ ጠዋት ይበቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፮፣ ከሰዓት

የሚያስቅ ነገር። ጫልቱ ወደ ገበያ ስትሄድ እስከ አስፋልቱ ዳር ገፍታ አደረሰችኝ። ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ከዓይነ ስውራን ት/ቤት የሚወርዱ ተማሪዎች መጡ፣ በዘንጋቸው መንገዱን እየነካኩ። አንዱ ፂም ያወጣ ጎልማሳ ነው። ወንበሬን ትንሽ ሳንቀሳቅስ ሰማና ቆመ። ጋሼ፣ ብስክሌትዎ ዘይት ጠምቶታል አለኝ።

አላረምኩትም። እሺ፣ ዛሬውኑ አጠጣዋለሁ አልኩት። እጅ ነሥቶ አለፈ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስንት ስም ወጣልኝ። ምስኪኑ። በሽተኛው። የዚያች የቅቤ ነጋዴ ባል። ብስክሌተኛ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ለጫልቱ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያም የእውነት ዘይት አመጣች። አሁን ወንበሩ አይጮህም። ትንሽ ቅር አለኝ። ሌላ ቀን ሲያልፍ በምን ያውቀኛል?

እሑድ፣ ኅዳር ፲፱

አማቴ ኦቦ ቶሎሳ ከሱሉልታ መጡ። ቅቤ ይዘው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ።

መጥፎ ሰዓት ደረሱ። ጫልቱ ከመፀዳጃ ስትመልሰኝ። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፤ ወንበሩ አይገባም። ስለዚህ አዝላ ነው የምትወስደኝ። እንደ ሕፃን፣ እግሮቼ መሬት እየጎተቱ። በሩ ላይ ቆመው አዩን። አስቀመጠችኝ፣ እጇን ታጠበች፣ የአባቷን ጉልበት ሳመች።

ከምሳ በኋላ ተናገሩ። በአማርኛ፣ ቃል እየመረጡ፣ እኔን ብቻ በኦሮምኛ ሶዳ፣ አማቼ፣ እያሉ፦

«ሶዳ፣ አንተ ጥፋት የለብህም። የመጣብህ ነገር ነው። ግን ልጄ ናት። ገና ሠላሳ አልሞላትም፣ ወገቧ እንደ አሮጊት ጎብጧል። ልጅ የላችሁም፤ ነገ እሷንስ ማን ይጦራታል? ለጊዜው ከእኔ ጋር ትሂድ። አንተን የራስህ ዘመዶች በተራ ያንሡህ።»

ዘመዶቼ ወሎ ናቸው። እሳቸውም ያውቃሉ።

ጫልቱ ከጓዳ ወጣች። በኦሮምኛ መለሰችላቸው፤ ፈጥና ስለተናገረች ግማሹን ብቻ ያዝኩ። አባ ኮ፣ አባቴ፣ የሚለውን። ዕቃ አይደለሁም የሚለውን። እምቢ የሚለውን። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሲሄዱ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ጀባዱ አሉኝ፤ በርታ ማለታቸው ነው።

ተናድጃለሁ። አይ፣ አልተናደድኩም። ሴት ልጅ ብትኖረኝ እኔም ይህንኑ እላለሁ። የሚያመኝ እውነት መናገራቸው ነው። አንድ ነገር ግን አመሰግናለሁ፦ ከኋላዬ አልዶለቱም። ዓይን ዓይኔን እያዩ ነገሩኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፪

ጫልቱ ሄደች። አባቷ ስላሉ አይደለም። ድርቆሽ የሚያመላልስ አንድ የሱሉልታ ሰው ጠዋት መጥቶ፣ እናትሽ ታመዋል፣ እህል አይቀምሱም አላት። ቆማ ቀረች። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

ሂጂ አልኳት። እናት ናት።

እኔን ለሁለት ሰው አከፋፍላኝ ሄደች። ለጎረቤታችን ለእማማ በላይነሽ እና ለታደሰ። እማማ በላይነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጉልበት የሌላቸው ግን ምላስ የማያጡ ሴት ናቸው። ታደሰ ድሮ የኔ ረዳት ነበር፤ ዛሬ የኔን መኪና የሚነዳው እሱ ነው። ሰበታ ባደረ ቀን ያነሣኛል፣ ያስተኛኛል።

ለሳምንት ነው አለችኝ። እሺ አልኩ። ትመለሻለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ለምን እንዳልጠየቅኋት አንቺም አትጠይቂኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲

ሳምንቱ አለፈ። መልእክት መጣ፦ እናቷ ብሶባቸዋል፤ ልትተዋቸው አልቻለችም።

ታደሰ ጅማ ሄዷል። ትናንት እስከ ቀትር ድረስ ተኛሁ፤ ያለ ፈቃዴ። እማማ በላይነሽ ገንፎ አጉርሰውኝ፣ ትራስ አገላብጠውልኝ፣ መንደርተኛውን ሁሉ አምተውልኝ ሄዱ። በመጨረሻ ከጠጅ ቤት ሁለት ጎረምሳ ይዘው መጥተው አስነሡኝ። አንዱ ሲያነሣኝ በእግሬ ያዘኝ፤ እንደ በግ። ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ግን እዚያው ተጋድሜ ሳለሁ አንድ ነገር ታየኝ። ክንዶቼ ደህና ናቸው። እንዲያውም ከድሮው ጠንክረዋል። ያን ሁሉ ዓመት ያንን ግትር መሪ ያዞሩ ክንዶች እኔኑ አያነሡኝም? እስከዛሬ ሞክር ያለኝ የለም፤ እኔም ልሞክር አላልኩም። ከሆስፒታል ሲያስወጡኝ ለጫልቱ እንዴት እንደምታነሣኝ አሳዩአት። ለእኔ ግን ያሳየኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፪

ሞከርኩ። ወደቅሁ።

ወንበሩን ከአልጋው አስጠጋሁ። እግሮቼን አንድ ባንድ አወረድኩ። አንድ እጄ አልጋው ላይ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ። ተነሣሁ፤ የእውነት ተነሣሁ፣ ቂጤ ከፍራሹ ለቀቀ። ልክ ክብደቴን ሳሳርፍበት ወንበሩ ወደኋላ ሸሸ። እኔ መካከል ላይ ቁልቁል።

አላመመኝም። ይኸ ጥሩም መጥፎም ነው፤ ተሰብሬ ቢሆንስ? እግሮቼን በእጄ ዳበስኳቸው፤ ቀጥ ያሉ ናቸው። መሬት ላይ ተዘርግቼ ወንበሩን ከሥሩ አየሁት፤ መኪና ሥር ገብቼ እንደማየው። ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሬን የለውም። ድሮ ነበረው፤ የተገጠመበት ቀዳዳ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬን በሌለው ነገር ላይ ተቀምጫለሁ። እኔ፣ ሳልፈትሽ መኪና የማላስነሣው ሰውዬ።

እዚያው ወለል ላይ ብቻዬን ሳቄ መጣ። እማማ በላይነሽ ሳቄን ሰምተው ገቡ፣ ከዚያ ወድቄ ሲያዩኝ ጮኹ፣ ከዚያ እኔ ስስቅ ሲያዩ ሰደቡኝ። ጮኸው መንገደኛ ጠሩ፤ አነሡኝ። ጋቢዬን አራግፈው ሸፈኑኝ። እግ/ር ይስጥልኝ እማማ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፰

ቡራዩ ዋልኩ። መኪና ጋቢና ውስጥ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ታደሰ ተሸክሞ አስገባኝ፤ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር አሰረኝ። የሞተሩ ሙቀት ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ያለወጉ አንገጫገጨው፤ ቀስ አልኩት። እሺ ጋሼ አለ፣ እንደ ድሮው።

ቡራዩ የሄድነው አቶ ዘርፉ ዘንድ ነው፤ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ መንገድ ዳር ከባሕር ዛፍ ሥር ይሠራሉ። ወንበሩን ገልብጠው አዩት። የብስክሌት ፍሬን በሁለቱም ጎማ ላይ እንግጠም አሉ፤ እጀታው በእጄ በኩል እንዲሆን። እኔም የት ቢሆን እንደሚመቸኝ አሳየኋቸው። ተከራከርን። ደስ የሚል ክርክር ነበር። ስለ ሽንትና ስለ ቁስል ሳይሆን ስለ ብረት ከሰው ጋር ካወራሁ ስንት ጊዜዬ!

እሳቸው ሲሠሩ እኔ ሳንቃ ላይ ተቀምጬ እጄ ሥራ ፈታ። አጠገቤ የተነፈሰ ካላማዳሪ ነበር፤ የጎማ የውስጥ ላስቲክ። አነሣሁት። ነፋሁት፣ የውኃ ገበታ ውስጥ ነከርኩት፣ አረፋ የሚወጣበትን አገኘሁ፣ በሸካራ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ማስቲሽ ቀባሁት፣ ለጠፍኩት። ከዚያ ሌላ። ቀና ስል አቶ ዘርፉ ቆመው ያዩኛል። ሰበታ መንገድ ላይ ይህን የሚሠራ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የለም አልኩ፤ ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር እስከ ዓለም ገና ነው የሚሄደው። እንግዲህ አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስንሄድ ያን ሳንቃ አለስልሰው፣ ከአንድ ያረጀ የእጅ ፓምፕ ጋር ከኋላ ጫኑልኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፳፣ ጠዋት ፩ ሰዓት ተኩል

ብቻዬን!!

ፍሬኑን ያዝኩ። ግራ፣ ቀኝ። ወንበሩን ነቀነቅሁት፤ እንደ ድንጋይ። በአልጋውና በወንበሩ መካከል አቶ ዘርፉ ያለሰለሱልኝን ሳንቃ ዘረጋሁ። እንደ ጆንያ በሳንቃው ላይ ተንሸራተትኩ። ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ። ከዚያ ተቀምጬ ነበር። ወንበሩ ላይ። ማንም ሳይነካኝ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እማማ በላይነሽ ውኃ ሲቀዱ አዩኝ። እንዴት አደርክ አሉ፣ ደህና አልኳቸው። ሁለት እርምጃ ሄደው ድንገት ዘወር አሉ። ማን አነሣህ? ማንም። እንስራውን አስቀምጠው እልል አሉ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ሌላ አልጽፍም። ዛሬ ይኸ ብቻ ይጻፍ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፳፱፣ ገና

ሥራ ጀምሬያለሁ። ወንበሬን አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ ግንብ ጥላ ሥር አቆማለሁ። ፊት ለፊቴ የውኃ ገበታ፣ ከጎኔ ፓምፑ። ሾፌሮቹ ስለሚያውቁኝ ሌላውን ይልኩልኛል። ጎማውን ፈትተው ካላማዳሪውን ይሰጡኛል፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ መልሰው ይገጥማሉ። አንዱ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ጎሚስታው የት ሄደ አለኝ። እኔ ነኝ ስለው ደነገጠ። ከዚያ ወረደ።

ዛሬ ግን በዓል ነው፤ ቤት ዋልኩ። እማማ በላይነሽ ዶሮ አመጡልኝ። ታደሰ ከሱሉልታ መልእክት አመጣ፦ የጫልቱ እናት እንደዚያው ናቸው። እሷም እንዴት ነህ ብላለች። ታደሰ ብቻዬን መነሣት መቻሌን እንደነገራት አወራኝ። ምን አለች? ዝም አለች አለኝ።

ዝም አለች።

አትቸኩዪ፣ ለእናትሽ ታስፈልጊያቸዋለሽ በልልኝ አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። ቤቱ ዛሬ ሰፊ ሆኖብኛል።

ረቡዕ፣ ጥር ፬

የሚያሳፍር ቀን። እና የማልረሳው።

አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ካላማዳሪ አምጥቶ፣ ተሳፋሪዎቹ ከበውኝ ቆመው ሳለ ሽንቴ አመለጠኝ። አይሰማኝም፤ ያወቅሁት ሱሪዬ ላይ ሲጠቁር አይቼ ነው። ሴቶች አሉ፣ ሽማግሌ አለ፣ ሁሉም እጄን ያያል። አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓይናቸው እንደሚወርድ አውቃለሁ።

እማማ በላይነሽ ከጎን ጎመን ይሸጡ ነበር። ድንገት ተነሡ፣ የሚያልፉ መስለው ገበታውን በእግራቸው መቱት። ውኃው ሁሉ በጭኔ ላይ። «አዬ ጉዴ! ምነው ዓይኔ በጠፋ! ልጄን አበሰበስኩት!» እያሉ ጮኹ። ተሳፋሪው ሳቀባቸው። ሾፌሩ ተቆጣቸው። እሳቸው ይቅርታ እየጠየቁ፣ እየተሰደቡ፣ ነጠላቸውን ጭኔ ላይ ጣሉልኝ።

ካላማዳሪውን ጨርሼ ሰጠሁ። ሰው ሲበታተን እማማ በላይነሽን አየኋቸው። አላዩኝም፤ ጎመናቸውን ያስተካክላሉ። አመሰግናለሁ ብላቸው ሁለታችንም እናፍራለን። ስለዚህ አልተናገርኩም። እዚህ እጽፈዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፩፣ ጥምቀት

ታደሰና ጓደኞቹ ወንበሬን እንደ ቃሬዛ አንሥተው ወንዙ ድረስ ወሰዱኝ። ጠበሉ ሲረጭ ደረሰኝ፤ በረዶ የመሰለ ውኃ። ወዲያው እግሮቼ ዘለሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፣ ብርድ ሲነካቸው በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይፈራገጣሉ። እኔ አላዝዛቸውም።

አጠገቤ የነበረች አንዲት ሴት አየች። «እግሩ ተንቀሳቀሰ! ሊነሣ ነው!» ብላ ጮኸች። እልልታው ተነሣ። ሰው ከበበኝ፣ ገፋኝ፣ ሁሉም እግሬን ያያል። ተነሣ ይሉኛል፣ በርታ ይሉኛል።

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልናገር። ለአንዲት ትንፋሽ እኔም አመንኩ። ወደታች አየሁ። ተነሡ ብዬ አዘዝኳቸው።

ዘለሉ፣ ዘለሉ፣ ቆሙ። እንደ ሁልጊዜው።

እጄን አነሣሁ። እናቴ፣ ይኸ የጅማት ነገር ነው፣ ብርድ ሲነካኝ ይመጣል፣ አትቀየሚኝ አልኳት። እልልታው ከኋላ በኩል ገና አላቆመም ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት የሚከብድ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ሴትዮዋ አለቀሰች። ይቅር በለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው እንጂ አለች። አጽናናኋት፤ እኔ እሷን። ከዚያ ጎንበስ ብላ እርጥብ እግሮቼን በነጠላዋ አደራረቀችልኝ። አንዱን፣ ሌላውን፣ ጣቶቹን ሁሉ። አልተሰማኝም፤ ግን አየሁ።

ዓርብ፣ ጥር ፳

የጫልቱ እናት አረፉ። ታደሰ ከሰዓት በኋላ ነገረኝ፤ ዛሬ ጠዋት ነው የቀበሯቸው።

ነገ እሄዳለሁ። አማቹ ያልደረሰበት ለቅሶ አይሆንም። እንዴት አድርጌ ነው ድንኳን የምገባው፣ ለቀስተኛው ምን ይላል፣ ኦቦ ቶሎሳ ሲያዩኝ ምን ይሰማቸዋል፣ ሁሉንም አሰብኩ። ከሁሉም በላይ የማስበው ሌላ ነው። ለጫልቱ የምነግራትን። አዘጋጅቼዋለሁ፦ ነፃ ነሽ እላታለሁ። ብቻዬን መኖር ችያለሁና አሁን ልላት እችላለሁ። ድሮ ብላት ልመና ይሆን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፩፣ ሱሉልታ

ከእንጦጦ ስንወርድ ሜዳው ታየ፤ ቢጫ፣ በድርቆሽ ክምር የተሞላ። ታደሰ ኩርባውን ሲይዝ ልቤ ፍሬን ረገጠ። እግሬማ ዝም ብሏል።

የታጨደው ሣር ላይ የወንበሩ ትንንሾቹ ጎማዎች ሰመጡ። ለቀስተኛው ሁሉ ያያል። ሁለት ገበሬዎች ሮጠው መጡ፤ አንዱ ምን ነክቶት ነው ብሎ ታደሰን በኦሮምኛ ጠየቀው። እኔን ጠይቀኝ አልኩት በራሱ ቋንቋ፣ እንደምችለው ሰባብሬ። ደስ አለው። ወንበሩን ወደኋላ አዘንብለው በትልልቆቹ ጎማዎች ጎተቱኝ።

አለቀስኩ። የጫልቱ እናት ደግ ሴት ነበሩ። ስንጋባ ሲያዩኝ ይኼ ሳቂታ ብለው ነበር ስም ያወጡልኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ከተቀመጡበት ተነሡ። ወደኔ መጡ። ሁሉም ቦታ እየለቀቀላቸው ነው። ከወንበሬ ጎን መሬቱ ላይ፣ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አባቴ፣ ይነሡ አልኳቸው። አልተነሡም።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ጠዋት ማን አነሣህ?»

«ከአልጋ እስከ ወንበር ማንም። ከወንበር እስከ መኪናው ታደሰ።»

የወንበሩን ጎማ በእጃቸው ያዙት፣ የበሬ ቀንድ እንደሚይዝ ሰው።

«ባለቤቴ ስለ አንተ ትጠይቅ ነበር» አሉኝ። «ያ ሳቂታ እንዴት ነው ትል ነበር። እኔ አላውቅም እላለሁ።» ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግሁ። ስለ ኅዳሩ ነገር እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ።

ጫልቱን ከሩቅ አየኋት። ከስታለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ሰኞ፣ ጥር ፳፫፣ ሱሉልታ፣ ከሰዓት

ሣልስቱ ወጣ። ሰው ሲቀልል ጫልቱ ወንበሬን ገፍታ ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ወሰደችኝ፣ ነፋስ ከሌለበት። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ነፃ ነሽ አልኳት። አባትሽ እውነታቸውን ነው፣ ቅሬታ የለኝም፣ ሁለት ዓመት ስላስታመምሽኝ እግ/ር ይስጥሽ። አላቋረጠችኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ እኔ ልናገር። ደክሞኛል ግርማ። አልዋሽህም። እዚህ የመጣሁ ቀን እናቴ እያቃሰተች እኔን እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነሣ ወገቤ አላመመኝም፤ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። አልመለስም ብዬም አስቤያለሁ።»

እሺ አልኩ።

«ከዚያ ታደሰ፣ ብቻውን ይነሣል ብሎ ነገረኝ። ደስ ያለኝ ይመስልሃል? ተናደድኩ። ይችል ኖሯል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸከመው ይችል ኖሯል ብዬ።»

«አላውቅም ነበር ጫልቱ።»

«እኔም አላውቅም ነበር። ማንም አላሳየንም። ኋላ ነው የገባኝ።» ከድርቆሹ አንድ ሰበዝ መዝዛ በጥርሷ ትነክሳለች። «እመለሳለሁ። ግን አልሸከምህም። ሚስትህ ነኝ፣ ኩሊህ አይደለሁም። ስትወድቅ አነሣሃለሁ፣ ሰው ሲወድቅ እንደሚነሣ። ጠዋት ግን አንተ ራስህ ትነሣለህ፣ እኔ እተኛለሁ። መፀዳጃውንም ወንበሩ እንዲገባ መንገዱን እናስተካክለዋለን። እሺ ካልክ እመጣለሁ። እሺ ካላልክ አልመጣም።»

ለቅሶ ቤት ነው፣ ሳቅ ነውር ነው። ፊቴን ወደ ድርቆሹ አዞርኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አየችና የማለቅስ መሰላት፤ ስታየኝ ግን እሷም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እሺ አልኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት ፭፣ ሰበታ

ጫልቱ መጣች። የእናቷን አሥራ ሁለተኛ ቀን አውጥታ፣ አባቷን ለታላቅ ወንድሟ አደራ ሰጥታ። ነገ ቅበላ ነው፤ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ልድረስ ብዬ ነው አለች። ኦቦ ቶሎሳ አንድ ማድጋ ማር ልከውልኛል፤ ለጫልቱ አይደለም፣ ለሶዳዬ ብለው። እማማ በላይነሽ አቅፈዋት፣ እኔ ምን ያህል እንዳስቸገርኳቸው በሰፊው አወሩላት። ስለ ውኃው ገበታ ምንም አልተነፈሱም።

ቤቱ ወደ ልኩ ተመልሷል። ዕቃ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ተመስገን።

እሑድ፣ የካቲት ፮፣ ጠዋት

ዛሬ ብቻዬን ስነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። ተኝታ ሳይሆን ከትራሱ ጋር ተደግፋ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ። እንዳትነኪኝ አልኳት። አልነካሁህም አለች። ፍሬኑን ያዝኩ፣ ሳንቃውን ዘረጋሁ፣ ተንሸራተትኩ። ሁለት ጊዜ እጇ ሲዘረጋ አየሁ፤ ሁለቴም መለሰችው። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ለካ እሷም ይዛው ነበር።

ተመለስ ደግሞ አለችኝ። ወደ አልጋው። ልይ።

ይኼኛው አስቸጋሪ ነው። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ መጣኝ፣ አንዴ ተንሸራትቼ ወደ ወንበሩ ተመለስኩ። በስተመጨረሻ ወጣሁ። እሷ ግን እኔን ማየት ትታለች፤ ጎንበስ ብላ የአልጋውን እግር ትለካለች፣ በስንዝሯ። ከዚያ ወንበሩን።

አልጋው ነው ከፍ ያለው አለች። ዳገት ነው የምትወጣው። ለምን አትነግረኝም?

አላየሁትም ነበር። የሠርጋችን አልጋ ነው፣ ሁልጊዜም ይኸው ነው፣ እንደ ግድግዳው ነው የማየው። ከወንበሩ እኩል ቢሆንልህስ አለችኝ። ይቆረጣል አልኳት። አራቱም እግሩ፣ ከሥሩ። ወሰንን።

ነገ አልኩ፣ ዛሬ ሰንበት ነው፣ ቅበላም ነው። እሺ አለች። ይህን ስጽፍ ግን ከአናጢው ቤት መጋዝ ይዛ ገባች። ሰንበት ነው እኮ ብላት፣ እግ/ር ያየናል፣ ደግሞም ያውቀናል አለች። ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ጥላዋለች። አልጋውን ገልብጣዋለች፤ አራት እግሩን ወደ ላይ። በአንድ እጇ መጋዙን ይዛ እየጠራችኝ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዝ፣ በአንድ በኩል እሷ ስትስብ በሌላው እኔ እንድገፋ። መጣሁ!